ከቂርቆስ ደጀ ሰላም እስከ ገላን ጉራ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጾመ ነቢያት በሚገባበትና የሕፃኑ ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስ ወርኀዊ መታሰቢያ በሚውልበት ሰኞ ማለዳ፣ የኪዳኑ ጸሎት ተፈጽሞ ምእመናኑ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ እየተሳለሙ ወደየሥራቸው ሲበተኑ፣ እኔም በቂርቆስ ደጀ ሰላም ጥቂት ቆሜ፣ ለብዙ ወራት ሳስበውና ሳዘገየው የቆየሁትን መንገድ ጀመርሁ። አሳቤ ከዚህ ተነሥቼ በለገሀርና በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ለመውጣት፣ ከዚያም ከካዛንቺስ የተነሡት የቀድሞ ጎረቤቶቼ ወደ ሰፈሩበት ወደ ገላን ጉራ ወርጄ ኑሯቸውን በዓይኔ ለማየት ነበር። በካዛንቺስ፣ ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ቤት ጓሮ በተቀጠለች ክፍል፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁና፣ ስለዚያ ሰፈር የምጽፈው ሁሉ ከፍቅር የሚነሣ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

መነሻዬን ቂርቆስን ያደረግሁት ስለ መንገዱ ቅርበት ብቻ አይደለም። ገድሉ እንደሚነግረን ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ከመከራ የሸሸች፣ በሰው ሀገር ሳለችም የተያዘች እናት ናት፤ ሁለቱም በፈላ ውኃ ጋን ሲጣሉ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ እንዳዳናቸው ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ታስባለች። ቤቱን ትቶ ለሚሰደድ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ሰማዕት የለም። በዚያን ዕለትም ልጆቻቸውን በአንቀልባ ያዘሉ እናቶች ጸበሉን እያሻሹላቸው በቅጽሩ ጥግ ተቀምጠው ሳይ፣ ስለምሄድበት ነገር ልቤ አስቀድሞ ተነካ።

ከቂርቆስ ወደ ለገሀር መንገዱ አጭር ነው። የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬም ቆሞ የሚታየው የጣቢያው ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» ይሉት ነበርና፣ ሕዝባችን ቃሉን ተቀብሎ፣ በአንደበቱ አለዝቦ «ለገሀር» አለው፤ በኦሮምኛ «ለገ» ማለት ወንዝ ነውና፣ ዛሬ ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን የማያውቅ ሰው ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር የተወለደ ስም ይመስለዋል። ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወረድ ቢሉ ደግሞ «ፖፖላሬ» አለ፤ ጣሊያኖቹ ለተራው ሠራተኛቸው ያሠሩት የሕዝብ መኖሪያ ቤት ስም ነው። እንዲህ ያሉትን ስሞች አንዳንድ ሊቃውንት የባዕድ ጠባሳ ናቸው ብለው ሲነቅፏቸው እሰማለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ሕዝብ የባዕዱን ቃል አኝኮ በራሱ ድምፅ ሲተፋው ቃሉን ማርኮታል ማለት ነው፤ የማረከውንም ነገር ከእንግዲህ የሌላ ነው አይልም።

የመስቀል አደባባይን አቋርጬ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስን ተሳልሜ፣ በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ አለፍሁ። ይህ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የሚያበራበትና ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ ራሱን የቻለ ሌላ ድርሳን የሚገባው ነውና፣ ዛሬ በአክብሮት እሰናበተዋለሁ። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ካዛንቺስ ያደርሳል።

ስለ ካዛንቺስ ጥንተ ነገር ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ያለው በስሙ ውስጥ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ያቀኗትን ከተማ፣ ማለትም በታላቁ ግቢ ዙሪያ በየጉብታው የመኳንንቱ ሰፈር የተበተነባትንና በባሕር ዛፍ የተጋረደችውን አዲስ አበባን፣ ለውጣ የነጭ ከተማ ልታደርጋት አሰበች። በዚያው ዓመት ለ ኮርቡዚዬ የተባለው ዝነኛ የሕንጻ ነዳፊ፣ አንድ ቀን እንኳ ረግጧት የማያውቀውን ከተማ፣ ያለው ሁሉ እንደሌለ ተቆጥሮ ከባዶ የሚጀመር አድርጎ በወረቀት ነደፈና ለሮም አቀረበ፤ አልተቀበሉትም። ሥራው የተሰጠው ለኢኛዚዮ ጊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ሲሆን፣ የእነርሱም ፕላን መሠረተ አሳቡ አንድ ነበር፤ ይኸውም ጣሊያኑና «የሀገሩ ተወላጅ» በአንድ ሰፈር እንዳይኖሩ፣ በአንድ ገበያ እንዳይገበያዩ፣ በመካከላቸውም ወሰን እንዲሠመር ነው። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ስፍራ የተተከለው በዚሁ አሳብ ነው። ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ምድር ላይ ደግሞ ለመንግሥታቸው ሹማምንት ቤት ተሠራ። በኢጣሊያ በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ነበርና፣ የረጅም ስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች ሲገጣጠሙ «ኢንቺስ» ይሆናሉ፤ «ካዛ» ቤት ነው። ካዛ ኢንቺስ፣ ካዛንቺስ።

እንግዲህ ይህ ስፍራ በሀገራችን በፕላን ከተቆረቆሩት የመኖሪያ መንደሮች ቀደም ካሉት አንዱ ሲሆን፣ የተቆረቆረውም እኛ እንዳንኖርበት ነው። መሠረቱ ሲቆፈርና ግንቡ ሲነሣ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሎሌዎች ሦስት ቀን ሙሉ በዚችው ከተማ ሕዝብ ላይ ያወረዱት እልቂት ገና ደሙ አልደረቀም ነበር። ይህን ሳላስታውስ የቤቶቹን ውበት ላወራ አልችልም።

ውበት ግን ነበራቸው። እኔ በጓሮው የተከራየሁበት ቤት፣ ድንጋዩ በልክ የተጠረበ፣ የእብነ በረድ ፍርፋሪ ተለውሶ የፈሰሰበት ወለል ያለው፣ በፊት ለፊቱም አንድ የኮክ ዛፍ የቀረው ነበር። በመግቢያው የነበረው የድንጋይ ደረጃ በሰማንያ ዓመት እግር መካከሉ ተሰርጉዶ ሳሕን አክሎ ነበርና፣ ክረምት ሲዘንብ ውኃ ይቋጥራል፤ ዝናቡ ሲያባራ ድንቢጦች መጥተው ከዚያ ይጠጣሉ። ለአንድ የጣሊያን ሹም ቤተ ሰብ የተሠራው ያ ቤት በእኔ ዘመን ለአምስት ቤተ ሰብ ተከፋፍሎ፣ ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በረንዳው በቆርቆሮ ተከልሎ ማድ ቤት ሆኖ ነበር። ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47 ያወጣው በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ቀን ነው፤ የቂርቆስና የኢየሉጣ መታሰቢያ በሚውልበት በዚያው ቀን። ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስ በአመዛኙ የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩ እጅግ ርካሽ ስለ ሆነ ድኃው ከመሐል ከተማ ሳይገፋ ኖረ፤ ርካሽ ስለ ሆነም የሚጠግነው አልነበረውም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ካዛንቺስን አላወቀም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ስለ እንግሊዞች መናገር ይገባኛል፤ ነገሩ ከእኛው ከተማ ጋር የተቋጠረ ነውና። በዚያች ሀገር ኤቤኔዘር ሃዋርድ የተባለ ሰው፣ የለንደን ጢስና ጥበት ያሳሰበው፣ ከተማና ገጠር የተዋሐዱበት «የአትክልት ከተማ» እንዲቆረቆር በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጽሐፍ ጽፎ ነበርና፣ ሌችወርዝ በ1903፣ ዌልዊንም በ1920 በዚሁ አሳብ ተመሠረቱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለታላቋ ለንደን ባወጣው የ1944 ፕላን፣ የተጨናነቀው ሕዝብ በለንደን ዙሪያ ወደሚመሠረቱ አዳዲስ ከተሞች እንዲወጣ መከረ፤ የአዳዲስ ከተሞች ሕግ በ1946 ታወጀ፤ የመጀመሪያዋም ስቲቭኔጅ ሆነች። ጥቂት ሺህ ነዋሪ ብቻ የነበራትን ያችን የጥንት መንደር 60,000 ሰው እንድትይዝ ወሰኑ። የመንደሩ ሰዎች ግን ማንም ሳይጠይቃቸው በመሆኑ ተቆጡ፤ ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ሊያስረዳቸው በመጣ ጊዜ ጮኹበት፤ የባቡር ጣቢያቸውንም ሰሌዳ በስታሊንግራድ አምሳል «ሲልኪንግራድ» ብለው ለወጡት። ዘመኑ አልፎ ስቲቭኔጅ ከተማ ሆነች፤ መኪና የማይገባበት የገበያ መሐሏም በ1959 ተመረቀ። የእነዚያ ሰዎች ቁጣ ግን ከንቱ አይመስለኝም። የሚኖርበትን ስፍራ ስም ሌላ ሰው እንዲያወጣለት የሚወድ ማን አለ?

ይኸው አበርክሮምቢ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ተጠርቶ መጥቶ፣ በ1956 እንደ እነርሱ አቆጣጠር የአዲስ አበባን መሪ ፕላን ነደፈ። የቀለበት መንገዶችን፣ ትምህርት ቤትና ገበያ በመካከላቸው ያላቸውን የጉርብትና ሰፈሮች፣ ከዋናው ከተማ ውጭ የሚቆሙ ተከታይ ከተሞችን አስቦልን ነበር። እርሱ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት ቦልተን ሄነሲና ባልደረቦቹ አሳቡን አሻሽለው ቀጠሉበት፤ ከወረቀቱ ወደ ምድር የወረደው ግን ጥቂቱ ነው። ዛሬ በከተማችን ዳር ዳር የተዘረጉትን እነ ጀሞን፣ እነ የካ አባዶን፣ እነ ቱሉ ዲምቱን ስመለከት ያ የእንግሊዝ አሳብ በሌላ መልክ በመጨረሻ እንደ ደረሰን እቆጥረዋለሁ።

ወደ ካዛንቺስ ልመለስ። ከነጻነት በኋላ በዙሪያው የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥት፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽኑ፣ ሒልተን ሆቴሉ ሲነሡ፣ ካዛንቺስ በታላላቆቹ ሕንጻዎች መካከል ያለ የሰው መንደር ሆኖ ቀረ። ቀን የዓለም ዲፕሎማት የሚያልፍበት፣ ማታ ማሲንቆ የሚሰማበት ሰፈር ነበር፤ አዝማሪ ቤቶቹን ፍለጋ ከከተማው አራት ማዕዘን ሰው ይመጣ ነበርና፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ያስተዳደረው ፈንዲቃ ስሙ ከባሕር ማዶ ደርሷል። ከአንዱ ቅጽር ወዲህ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል፣ ከቅጽሩ ወዲያ በአንድ ቧንቧ ተራ የሚጠብቁ ዐሥር እናቶች ነበሩ። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ነበር፤ እኔም በሰኔ ሌሊት ጀሪካን ከጠብታ ሥር ስደቅን ያደርሁበትን ጊዜ አልረሳሁም። ስለዚህ ሰፈሩ መታደስ አልነበረበትም አልልም።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ካዛንቺስ ደረሰ፤ ሰፈሩም በጥቂት ወራት ውስጥ ተነሣ። በዚያ ኅዳር ማለዳ የቆምሁበት መንገድ ሰፊ ነው፤ የእግረኛው ለብቻ፣ የብስክሌቱ ለብቻ ተነጥፏል፤ መብራቱ በረድፍ ቆሟል፤ አበባውም ውኃ ጠጥቷል። ያማረ መንገድ ነው፤ ያማረውን አላማረም ማለት ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን የነበርሁበትን ግቢ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ አላገኘሁትም። መታጠፊያው የለም፤ ወፍጮ ቤቱ የለም፤ የኮክ ዛፉ የለም። ያ ውኃ የሚቋጥር ደረጃ የት እንደ ነበረ በእግሬ ለመለካት ሞከርሁ፤ ከየት ተነሥቼ እንደምለካ ግን የሚያመለክተኝ አንድ ድንጋይ አልቀረም። በዚያን ጊዜ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ማንም ስላላየኝም አላፈርሁም።

ከዚያ ታክሲ እየቀያየርሁ በአቃቂ በኩል ገላን ጉራ ስደርስ ቀኑ ወደ ስድስት ሰዓት ተጠግቶ ነበር። ፎቆቹ አዲሶች ናቸው፤ ነፋሱ ከሜዳው ሳይከለከል ይመጣል። የቀድሞ ጎረቤቴን እናት ከፎቁ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ እርሳቸውም አንገቴን ስመው ከተጠያየቅን በኋላ፦

«እማማ፣ ቤቱን ለመዱት?» አልኋቸው።

«ቤቱንማ ምን ይወጣለታል፣ ልጄ? ውኃው ከቤቴ ነው፤ ሽንት ቤቱ የራሴ ነው፤ ተመስገን ነው። የከበደኝ ሌላ ነው። ካዛንቺስ ሳለሁ ሌሊት ሳል ሲነሣብኝ፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ያለችው «እማማ ምነው?» ትለኝ ነበር። የዚህኛው ግድግዳ ድምፅ አያሳልፍም።»

ይህን ቃላቸውን የከተማ ፕላን የሚያጠና ሰው ሁሉ ቢሰማው በወደድሁ። እኔም እነዚያን ኮምፔንሳቶዎች ለዐሥራ አንድ ዓመት ስረግማቸው ኖሬ፣ ድምፅ ማሳለፋቸው አንድ ሥራ እንደ ነበረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሆኖም የተረፈ ነገር አለ። ቀድሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይበተን ነበርና ስንትና ስንት ዕድር በዚያ ፈረሰ፤ ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎቹ ግን እዚሁ በአንድ ስፍራ በመስፈራቸው የቀድሞው ዕድራችን አልሞተም። ድንኳኑና ብረት ድስቶቹ ከነአግዳሚዎቹ በአይሱዙ ተጭነው መጥተው በአንድ የቆርቆሮ መጋዘን ተቀምጠዋል። ከአግዳሚዎቹ በአንዱ ላይ በአረንጓዴ ዘይት ቀለም የተጻፈው የድሮው ቀበሌ ቁጥር አሁንም ይነበባል፤ አንድ እግሩ ተሰብሮ በቆርቆሮ ቁራጭና በአራት ምስማር ተጠግኗል፤ እኔም በብዙ ለቅሶ ተቀምጬበታለሁ። ጥሩምባ ነፊው ያው የጥንቱ ሰው ነው። ቀድሞ ንጋት ላይ በየጉራንጉሩ እየገባ ይለፍፍ የነበረው፣ አሁን ከፎቁ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ ይነፋል፤ በየፎቁም መስኮቶች ይከፈታሉ።

የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን አውጥቶ አሳየኝ። ጠርዙ የተበላ፣ በብራና ቀለም ፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ደብተር ነው። አባላቱ በቤት ቁጥር ብቻ አልተመዘገቡም፤ ጥሩምባ ነፊው ቤቱን እንዲያገኝ ከየስሙ አጠገብ ምልክቱ ተጽፏል፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «ከጣሊያን ቤቱ ሁለተኛ በር»፣ «ከቦኖው ወረድ ብሎ በስተ ግራ» እያለ ገጽ ከገጽ ይቀጥላል። ጣቴን በመሥመሮቹ ላይ እያስሄድሁ፣ ከሰዓታት በፊት በእግሬ ፈልጌ ያጣሁትን መታጠፊያ በአራተኛው ገጽ አገኘሁት፤ ከእርሱ በታች «ኮክ ዛፉ ያለበት ግቢ» ተብሎ ተጽፎአል።

የጣሊያኖቹ ንድፍ በመጻሕፍት ታትሟል፤ የአበርክሮምቢም ስም በሊቃውንት ድርሳናት ይጠቀሳል። ሕዝቡ የኖረበት ካዛንቺስ ግን ካርታው ያለው በእነዚህ የዕድር መዛግብት ውስጥ ነው፤ አይጥና እርጥበት ሳይቀድማቸው የሚቀዳቸው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳና ከሌሎችም የተነሡ ሰፈሮች ዕድሮች ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ አሮጌውን መዝገብ አዲሱ ሲከፈት አትጣሉት፤ ቅጂውን አስነሥታችሁ ለቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ስጡ። ልጆቻችሁንም ከአጠገባችሁ አስቀምጡና፣ በምልክቶቹ መካከል የጎደለውን ቤት ሁሉ፣ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፣ በስሙ አስጽፏቸው።